ለዓሣ ፎቶ የትኛው የአኳሪየም መብራት ይሻላል? የጣናን ዓሣ አጥርቼ ማንሳት አቃተኝ

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ሰነበታችሁ?

ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አኳሪየም አለ። ዓሣ አጥማጅ ጎረቤቴ ሦስት ትንንሽ ቀረሶ (ቲላፒያ) እና ሁለት ላቤኦባርበስ የሚባሉ ብርማ ዓሦች በሕይወታቸው አምጥቶልናል። አንድ አምባዛም አለ። እሱ ሌሎቹን እንዳይውጣቸው ለብቻው በሌላ ገንዳ ነው ያለው።

ያሰብኩት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ፖስተር ነው። ተማሪዎቼ ጣና ዳር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ዓሣ ለብለቡንም ጉላሹንም ያውቁታል። ግን ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች እንዳሉ፣ አብዛኞቹም በዓለም ሌላ የትም እንደማይገኙ ስነግራቸው ዝም ብለው ያዩኛል። በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ማንሳት የሚታሰብ አይደለም። በተለይ ክረምት ላይ ግልገል ዓባይና ጉማራ አፈሩን ተሸክመው ሲገቡ ውሃው ቡና ይመስላል። ስለዚህ ያለኝ ተስፋ አኳሪየሙ ነው።

ፎቶው ግን እንዲህ ሆነብኝ። ላቤኦባርበሱ ብርማ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ጎኑ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ይጠፋል። ከአኳሪየሙ ክዳን ጋር የመጣው መብራት ደግሞ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያደርገዋል። ይሻላል ብዬ ባለ 50 ዋት ፓውዛ ገዝቼ ከፊት ለፊት አበራሁበት። መስታወቱ ላይ የፓውዛው ምስል ተንጣለለ። ዓሣዎቹም ጥግ ይዘው ተደበቁ። በዚያ ላይ ፎቶው ላይ የተጋደሙ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ።

ካሜራ ከባልደረባዬ ተውሻለሁ። ስልክም አለኝ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ መብራት ብቻ ነው። የቱን ልግዛ?

ወርቅማ (ቡሬ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡40

እህቴ፣ እኔ ቡሬ ካፌያችን ውስጥ ወርቅማ ዓሣ አለኝ። ለገጻችን በየሳምንቱ አነሳቸዋለሁ። የኔ ምክር ብርሃን ጨምሪ ነው። የኤልኢዲ ስትሪፕ ገዝተሽ በአራቱም ጎን ዙሪያውን ለጥፊበት። እኔ ሰማያዊና ነጭ የሚቀላቅለውን ነው የምጠቀመው። ዓሣው በጣም ያምርበታል። ሌሊት ግን አጥፊው። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ከበራ መስታወቱ አረንጓዴ አልጌ ያወጣል፤ ያን ማጽዳት መከራ ነው።

ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ ገንዘብሽን ገና አታውጪ።

እኔ ማርቆስ ፎቶ ቤት ከፍቼ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ዓሣ ያነሳሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የብር መስቀል ግን ቁጥሩን አላውቀውም። የጥምቀት፣ የንግሥ፣ የሰርግ፣ ስንቱን። ያንቺም ችግር የብር መስቀል ችግር ነው።

ብር የራሱ መልክ የለውም። ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያሳይሽ። ጨለማ ካዞርሽበት ይጠቁራል። አምፖል ካዞርሽበት ያንኑ አምፖል መልሶ ያሳይሻል። አምፖሏ ትንሽና ኃይለኛ ከሆነች ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ ታቃጥልና ሌላው ይጨልማል። ስለዚህ ለብር ሰፊና ለስላሳ ነገር ነው የሚሰጡት። እኛ ድሮ መስቀሉን ስናነሳ አቡጀዲ ወጥረን መብራቱን ከአቡጀዲው ጀርባ እናደርገው ነበር። ያኔ ብሩ የሚያንጸባርቀው ነጩን ጨርቅ ይሆናል። ቅርጹም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ያንቺም ዓሣ እንዲሁ ነው። ፓውዛውን ከፊት አንሺው። ከላይ አድርጊው፣ ከውሃው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ከሥሩ ነጭ አቡጀዲ ወጥሪ፤ አኳሪየሙን በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ጨርቁ መብራቱን እንዳይነካ፣ ይሞቃል። ዓሣ ብርሃን የሚያውቀው ከላይ ነው። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለውም ለዚሁ ነው። ከላይ ስታበሪለት መልኩ ይመለስለታል። ሆዱ ጥላ ከዋጠው ወለሉ ላይ ነጣ ያለ አሸዋ በትኚ። አሸዋው ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልስልሻል።

ከፊት ያበራሽው ለምን እንዳልሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ኳስ ግድግዳ ላይ ስትመቺ በሄደበት ሰያፍ ልክ ነው የሚመለሰው። ብርሃንም መስታወት ላይ እንደዚያው ነው። ከካሜራው ጎን ቀጥ ብሎ ከሄደ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ይመጣል። ከጎን የግድ ማብራት ካለብሽ 45 ዲግሪ ያህል አጋድመሽ አብሪ። ያኔ ነጸብራቁ ካንቺ ይርቃል።

የቡሬው ልጄ፣ ዙሪያውን በስትሪፕ ያልከው ለካፌ ያምራል። ለፎቶ ግን አራት መብራት ማለት ዓሣው ላይ አራት ነጭ መስመር ማለት ነው።

ሽቦ (ዳንግላ)፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡05

ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። የጥቁር መስመሩ ነገር ግን የኔ ሙያ ስለሆነ ልጨምርበት። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ።

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሶኬት የሚሠራ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም። ካሜራና ስልክ ግን ምስሉን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነቡት። መብራቱ ሲፈዝ የተነበበው መስመር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያየሽው እሱን ነው።

ራስሽ መፈተን ትችያለሽ። የስልክሽን ካሜራ ከፍተሽ ወደ ፓውዛው አስጠጊው። ስክሪኑ ላይ መስመር ሲንሸራተት ካየሽ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥም ከመግዛትሽ በፊት እንዲሁ አድርጊ። ሻጩ አይከፋም።

መፍትሔው አንዱ የሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ፍጥነት 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ማድረግ ነው። ያኔ የብልጭታው ሙሉ ዙር ይገባልና መስመሩ ይጠፋል። ግን 1/100 ላይ የሚዋኝ ቀረሶ ይደበዝዛል። ስለዚህ የተሻለው በባትሪ የሚሠራ መብራት ነው፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚያነሱ ልጆች የሚይዙት ዓይነት፣ ወይም በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ስትሪፕ። የባትሪ ኮረንት አይርገበገብም። መብራት ሲሄድም ሥራሽ አይቋረጥም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ማደብዘዣ ያለው ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ የሚያደበዝዘው ቶሎ ቶሎ እያጠፋና እያበራ ነው። መስመሩ ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ብርሃኑ ላይ ተይውና ከበዛብሽ አርቂው። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጊው ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ሁለት ነገር አንብቢ። አንደኛው ኬልቪን ነው። ከ5000 እስከ 6500 የቀን ብርሃን ይመስላል። 2700 ቢጫ ነው። ሁለተኛው ሲአርአይ የሚባለው ነው፤ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ የሚነግርሽ ቁጥር። ተራው አምፖል 80 አካባቢ ነው። ለፎቶ ከ90 በላይ ፈልጊ። ያልተጻፈበትን ተይው። ሐምራዊውን የተክል መብራት ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኪው። ለቅጠል የተሠራ ነው። የዓሣውን ቀለም ካሜራውም አንቺም ልታስተካክሉት አትችሉም።

ጥንቃቄም ልንገርሽ። 220 ቮልት ከውሃ በላይ ማንጠልጠል ሞት ነው። አንድ ሰው ቤት ለጥገና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አምፖሉ ከነገመዱ ገንዳው ውስጥ ወድቋል። ብሬከሩ ባይወርድ ኖሮ እጁን ሊሰድ ነበር። መብራቱን በሽቦ እሰሪው፣ በፕላስተር ብቻ አይሁን። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይመለስ። ያኔ የተንጠባጠበ ውሃ በገመዱ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩንም መሬት ላይ አታስቀምጪው።

ጣና ዳር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡20

እግዜር ይስጥልኝ። ፓውዛውን በስልኬ ሞከርኩት። መስመሩ እንደ ጎርፍ ነው የሚሄደው። በጋሼ ምክር ከላይ አድርጌ አቡጀዲም ወጠርኩ። በ1/100 ሳነሳ መስመሩ ጠፋ። ላቤኦባርበሱ ቆም ሲልልኝ ቅርፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ! ቀለሙ ግን የታመመ ይመስላል፣ አመድማ። ቀረሶዎቹ ደግሞ አንዴም አልቆሙልኝም።

ፍላሽስ ቢሆን? ዓሣውን አያሳውረውም?

ወርቅማ (ቡሬ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡00

ፍላሽ አይሆንም እህቴ። ዓሣ የዓይን ሽፋን የለውም እኮ። እኔ አንዴ ብልጭ ባደርግበት ዓሣዬ ክዳኑን መትቶ ሊወጣ ደረሰ።

ደንገል (ባሕር ዳር)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም። የዓሣ ሳይንስ ተምሬያለሁ፤ ባሕር ዳር ነኝ። ይህ ጥያቄ ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ወርቅማ፣ ያየኸው እውነት ነው። ግን ብልጭ ያደረግከው በጨለማ ይመስለኛል። ዓሣን የሚያስደነግጠው ከጨለማ በድንገት ወደ ብርሃን መግባት ነው። ክፍሉ ጨልሞ እያለ የአኳሪየሙ መብራት ቦግ ሲልም እንደዚያው ይደነግጣል። መጀመሪያ የክፍሉን መብራት አብሩ። ዓሣው ሲለምደው የአኳሪየሙን አብሩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። በፈረንጆቹ 2019 በባሕር ፈረሶችና በሌሎች ከወለል በማይርቁ ዓሦች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። የፍላሽ ብርሃን የባሕር ፈረሶቹን ዓይን ሲጎዳ አልተገኘም። ከፍላሹ ይልቅ ያስጨነቃቸው በእጅ መነካካቱ ነበር። የኛ ዓሦች ያው አይደሉም። ቢሆንም እኔ ከፍላሽ ይልቅ መረቡን ነው የምፈራው።

ስለ ብርማው መልክም አንድ ነገር ልበል። ጋሼ ሳያውቁት ባዮሎጂ ነው ያስተማሩን። በቅርፊቱና በቆዳው ላይ ጓኒን ከሚባል ነገር የተሠሩ ስስ ክሪስታሎች አሉ። እንደ ትንንሽ መስታወት ተደርድረው ብርሃን ይመልሳሉ። ስለዚህ የዓሣው ብርነት የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ በርግጥም መስታወት ነው። ዓሣው ትንሽ ሲያዘነብል መልኩ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፖስተሩ። እህቴ፣ መብራት ከመምረጥሽ በፊት ምን ማሳየት እንደምትፈልጊ ወስኚ። ቀረሶ ከሆነ ጅራቱን አሳዪ። የጣና ቀረሶ ጅራት ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቋሚ መስመሮች አሉ፤ መለያው እነሱ ናቸው። ጅራቱ ስስ ስለሆነ ብርሃን ከበዛበት መስመሮቹ ይጠፋሉ። ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ ደግሞ ክንፉና ጉሮሮው ላይ ቅላት ይመጣል። ሽቦ ያለው ሲአርአይ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ደካማ መብራት ቅላቱን ጭቃ ያስመስለዋል።

ላቤኦባርበስ ከሆነ አፉን ነው የሚያዩት። አንዱ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በአፉና በጭንቅላቱ ቅርጽ ነው። አንዱ ዓሣ በል ነው፣ ሰፊ አፍ አለው። ሌላው ከወለል ለቅሞ ይበላል፣ አፉ ወደ ታች ነው። አፉ ዳር ያሉት ሁለት ጥንድ ሪዞች፣ ጎኑ ላይ ያለው የነጠብጣብ መስመር፣ ይህ ሁሉ መታየት አለበት። ለዚህ ከላይ የሚመጣው ብርሃን በጣም ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። ልክ ከአናቱ ላይ ከሆነ አፉ ጥላ ውስጥ ይቀራል።

ምርምር ላይ የምንጠቀመው ዘዴም አለ። ለፎቶ ብቻ የሚሆን ቀጭን ገንዳ ነው። መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄደሽ በ5 ሚሊ ሜትር መስታወት አሠሪ። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 25፣ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 12 ሊትር ይይዛል። ዓሣው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄጃ ስለማይኖረው ጥርት ብሎ ይነሳል። ውሃው ከዋናው አኳሪየም የተቀዳ ይሁን፤ ሙቀቱ እኩል ነው፣ ክሎሪን የለበትም። ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዪው። ከመረብ ይልቅ በጆግ ወይም በሳህን ከነውሃው አዛውሪው።

ዳራውንም አስቢበት። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ለብርማው ዓሣ ያምራል። ቀረሶ ግን መልኩን ከአካባቢው ጋር ያመሳስላል፤ ጥቁር ላይ ይጠቁራል፣ ነጭ ላይ ይነጣል። ለእሱ ግራጫ ካርቶን ይሻላል።

ወርቅማ፣ ወንድሜ፣ አንድ አደራ። ዓሦችህ ቢበዙብህ ወንዝ ውስጥ አትልቀቃቸው። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። የውጭ ነገር አንዴ ከገባ አይወጣም።

ወርቅማ (ቡሬ)፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡15

እሺ እህቴ፣ አደራሽን ተቀብያለሁ። ጨለማ ውስጥ ነበር፣ ልክ ነሽ። ሰማያዊውንም ትላንት አጥፍቼ በነጭ ብቻ አነሳሁ። ለካ ብርቱካናማው ቀለም እስከዛሬ ቡኒ ሆኖ ነበር የሚወጣው።

ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ስለ ፍላሽ ተጠይቄ ዝም አልልም። ለሚንቀሳቀስ ዓሣ ፍላሽን የሚያህል የለም። ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዓሣው ክንፉን እያራገበ ቢሆንም ባለበት ይቆምልሻል። የክፍሉ መብራት መርገብገብም አይነካሽም። ሻተሩን 1/200 ላይ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 200 ላይ አድርጊ። ኤፍ 11 ዓሣውን ከአፉ እስከ ጅራቱ ጥርት ያደርገዋል።

ግን ፍላሹ ካሜራው ላይ አይሁን። ካሜራው ላይ ከሆነ መስታወቱ ላይ ነጭ እሳት ነው የምታገኚው። በገመድ ወይም በትሪገር (ፍላሹን ያለገመድ በሚያስነሳው) ከላይ አስቀምጪው፣ በአቡጀዲው በኩል ወደ ታች።

እኔ ዘንድ አንድ አሮጌ ፍላሽ ከነገመዱ ተቀምጧል። ይሠራል። በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው እሰጥልሻለሁ። ፖስተሩ ሲያልቅ ትመልሽልኛለሽ። ስልክሽን እዚህ አትጻፊ፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

እንጅባራ ልጅ፣ ረቡዕ ከቀኑ 8፡30

ሰላም። እኔ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው የምኖረው። ትንሽ ገንዳ አለችኝ። ይቻላል ወይስ ልተወው?

ሽቦ (ዳንግላ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 9፡10

ይቻላል ጎረቤቴ። የስልኩን ፍላሽ አጥፋ። ዓሣው ላይ ጣትህን ተጭነህ ያዝ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ትንሽ ቀንሰው። የብርማ ዓሣ ነጭነት የሚቀንሰው እዚያ ላይ ነው። ፕሮ የሚባል ክፍል ካለው ሻተሩን 1/200 (መብራትህ ከሶኬት ከሆነና መስመር ካወጣ 1/100)፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) 5500 አካባቢ አድርግ። በጣት አጉልተህ አታንሳ፤ ስልኩን ራሱን አስጠጋው። መስታወቱ ጋ ባስጠጋኸው መጠን ነጸብራቅ ይቀንሳል።

ደግሞ ከመስኮቱ ብርሃንና ከአምፖሉ አንዱን ምረጥ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። ያን አንድ ማስተካከያ አያድነውም።

ቆጋ (መራዊ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 12፡45

ሁላችሁም ስለ አምፖል ታወራላችሁ። ፀሐይስ? ጎጃም ላይ ፀሐይ ጠፍቶ ነው? ያቺን ቀጭን ገንዳ በረንዳ ላይ አውጥቶ ማንሳት አይቻልም?

ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

ይቻላል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀለም በማሳየት ፀሐይን የሚስተካከል አምፖል አልተሠራም። አይርገበገብም፣ ቆጣሪም አይቆጥርም። ግን ቀጥታ ፀሐይ እንደ ራቁት አምፖል ነው፤ ብሩን ያቃጥለዋል። ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ ከላይ አቡጀዲ ወጥሮ ማንሳት ነው። 12 ሊትር ውሃ ቶሎ ስለሚሞቅ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል። መስታወቱ ላይ ሰማዩም ዛፉም የቆመው ሰውም ይታያል። ስለዚህ ካሜራው በጥቁር ጨርቅ መሸፈን አለበት።

ጣና ዳር፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡40

ዛሬ ሙሉ ቀን ሠራሁ። ገንዳዋን አሠርቻለሁ። ሲአርአይ 95 የሚል የባትሪ መብራት ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ በስልኬ ፈተንኩት፣ መስመር የለውም። የጋሼም ፍላሽ ትላንት ማታ በሰላም ደረሰልኝ። እግዜር ያክብርልኝ።

ግን በሁሉም ፎቶ ላይ እኔ አለሁ! ነጭ ጋዋን ለብሼ ነበር። መስታወቱ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ውሃው ውስጥም እንደ ብናኝ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። ከጎን ሆኜ ያነሳኋቸው ደግሞ የዓሣው ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ቀይ ጥላ አላቸው። ይሄ መብራቱ ነው?

ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡05

መብራቱ አይደለም ልጄ። ከጎን ሆነሽ ስታነሺ ብርሃኑ ከውሃ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይሰበራል፣ ቀለሙም ይለያያል። ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቁም። ዓሣው ወደ ጎን ከዞረ አንቺ አትዙሪ፣ ጠብቂው።

ጋዋኑን አውልቂ። ጥቁር ልበሺ። ጥቁር ከፋይ ካገኘሽ አንድ ሜትር ግዢና መሐሉን ለሌንስ ብቻ ቅደጂው። ከፋይ ከማንኛውም ጥቁር ጨርቅ ይልቅ ብርሃን ይውጣል። ከሌንሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ይሸፍንልሻል። የክፍሉን መብራት አጥፊ፣ የአኳሪየሙ ብቻ ይቅር። የምታጠፊው ግን ዓሣው ከለመደ በኋላ ነው።

ደንገል (ባሕር ዳር)፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡30

ነጠብጣቡ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ቆሻሻ ነው፤ የምግብ ፍርፋሪና የአሸዋ ትቢያ። ብርሃን ሲያገኘው ይበራል። ከማንሳትሽ በፊት ባለው ቀን አታብያቸው። አሸዋውን በሚገባ እጠቢው። ማጣሪያው ሌሊቱን ይሥራ፣ በማንሳት ጊዜ ብቻ አጥፊው። መስታወቱንም ከውስጥ በጥጥ ጥረጊው፤ የአየር አረፋ ይለጠፍበታል።

ጣና ዳር፣ እሑድ ከምሽቱ 1፡10

ተሳካልኝ!

ሁለቱንም ሞክሬ ያየሁትን ልጻፍ፤ ነገ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። ላቤኦባርበሱ በባትሪው መብራት ነው ያማረው። መብራቱን ከውሃው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ከሥሩ አቡጀዲ ወጥሬ፣ ትንሽ ወደ ፊት አዘነበልኩት። ሻተር 1/200፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 800። እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው ይቆጠራል። ሪዞቹም ታዩ። መብራቱ ሳይቋረጥ ስለሚበራ ነጭ የሚያቃጥልበትን ቦታ ከማንሳቴ በፊት አየዋለሁ፣ ዓሣው እስኪዞርም እጠብቃለሁ። በፍላሽ ግን ያን ማየት አልቻልኩም። ብዙ ካነሳሁ በኋላ ነው አንድ ጥሩ ያገኘሁት።

ቀረሶው ተቃራኒው ሆነ። እሱ አይቆምም። በባትሪው መብራት ጭንቅላቱ ጥርት ብሎ ጅራቱ ይደበዝዛል። በጋሼ ፍላሽ፣ ኤፍ 11 ላይ፣ የጅራቱ ቋሚ መስመሮች አንድ በአንድ ወጡ። ብልጭታውን ሁለቴ ሦስቴ ከለመደ በኋላ አልደነገጠም። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ነበር።

እና ከሁሉም በላይ የለወጠው ከፋዩ ነው። መብራቱን ብቻ ሳስብ ከረምኩ። መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ሌላ ብርሃን ማጥፋት የዚያኑ ያህል ነው ለካ። ገንዘብ ላነሰው ሰው እኔ መጀመሪያ ከፋይና አቡጀዲ ግዛ ነው የምለው። መብራቱ ሦስተኛ ነው።

ሦስት ተማሪዎች ሲያግዙኝ ነበር የዋሉት። አንዷ የላቤኦባርበሱን አፍ በስክሪኑ አጉልታ አይታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቤታችን ሁልጊዜ የሚሠራው ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም» አለችኝ።

የቀረኝ አምባዛው ነው። እሱ ጥቁር ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ መብራት ሳበራ ድንጋይ ሥር ይገባል።

ደንገል (ባሕር ዳር)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡00

እንኳን ደስ አለሽ! ለአምባዛ ሁሉንም ገልብጪው። ዳራው ነጣ ያለ ካርቶን ይሁን፣ ወለሉም ነጭ አሸዋ። ጥቁር ገላ ብርሃን ስለሚውጥ ከላቤኦባርበሱ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ግን እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀስ፤ 1/60 ይበቃዋል። ቆዳው እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ብርሃኑን ከአንድ ጎን ትንሽ አጋድሚው፤ የጭንቅላቱ አጥንት ቅርጽ ያን ጊዜ ይወጣል። የሚመሽበትን ሰዓት ጠብቂ፤ በራሱ ጊዜ ይወጣልሻል።

ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡20

የቀረሶውን ጅራት ሳትቀንሺ ሙሉውን ፋይል ላኪልኝ። ለፖስተር ስልኩ ላይ የተጨመቀው አይሆንም። ፍላሹን ለአምባዛውም ያዥው፣ አልቸኩልም።

ጣና ዳር፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡35

እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እልክልዎታለሁ። አምባዛውን ነገ ማታ እሞክራለሁ።

ወርቅማ (ቡሬ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡50

ክዳኑን እንዳትረሺ እህቴ። አምባዛ ከአየርም ይተነፍሳል፤ ከወጣ ወለል ለወለል ይሄድብሻል።